«ተሰጥኦ ነው» አትበሉኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደወለልኝ። ሊከፍት ላሰበው ካፌ አርማ፣ ታፔላ፣ ሜኑ፣ ለፌስቡክና ለቴሌግራም የሚሆን ምስል፣ ባጭሩ «ሙሉውን ነገር» ይፈልጋል። ዋጋዬን ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን እንደ ታላቅ ወንድም አለስልሶ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ላንተ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ተሰጥኦው አለህ!» አለኝ።

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሊያሞግሰኝ ነው የፈለገው። ግን ወንበሩን ለሠራለት አናጢ «ተሰጥኦ ስላለህ ቀንስልኝ» እንደማይለው አውቃለሁ። ከግንበኛው ጋር በቀን ሒሳብ ይከራከራል፣ በሲሚንቶ ዋጋ ይጨቃጨቃል፣ በመጨረሻ ይከፍላል። ከእኔ ጋር ሲሆን ነገሩ ወደ ሰማይ ይወጣል። ተሰጥኦ የተሰጠ ነገር ነው፤ የተሰጠህን ነገር ደግሞ እንዴት ትሸጣለህ?

ይህ ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከተለኝ ኖሯል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ቆይቶ ይከነክነኝ ጀመር። አሁን ጠላቴ ነው። ለምን ጠላቴ እንደሆነ ለመናገር ከአማኑኤል መጀመር አለብኝ።

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። በመኪና የምታልፉ ሰዎች ልብ ሳትሏት ታልፏታላችሁ። ለእኛ ለልጆቹ ግን አስፋልቱ ሲኒማችን ነበር። ቅጥቅጡ፣ አይሱዙው፣ ተሳቢው ሲያልፍ ከኋላው የተጻፈውን ማንበብ ጨዋታችን ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፣ «አይዞህ ሹፌር»፣ የቅዱሳን ስም፣ የፍቅረኛ ስም። ሌሎቹ ልጆች መኪናው ሳይርቅ ቶሎ አንብቦ በመጨረስ ይወዳደራሉ። እኔና አንድ ጓደኛዬ የምናየው ፊደሉን ነበር፦ ቀይ ፊደል በጠርዙ ቢጫ ሲዞርበት፣ ጥላው ወደ ቀኝ ሲወድቅ፣ የ«ሹ» ቅጥያ ቦታ ሲጠበው ወደ ታች ሲታጠፍ። ያየነውን ቤት ሄደን በከሰል ግድግዳ ላይ እንደግመዋለን።

የቤታችን ግድግዳ ጭቃ ነው። እማ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አይሱዙ ሆኖ አገኘችው። «ኧረግ!» አለች። አልመታችኝም። በማግስቱ ግን ጭቃ አቡክቼ፣ ጭድና እበት ቀላቅዬ ግድግዳውን ራሴ መረግኩት። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይኸው ሆነ፤ እስላለሁ፣ እመርጋለሁ። ሥዕል ዋጋ እንዳለው መጀመሪያ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

አሁን ስለ ጓደኛዬ ልንገራችሁ። ከእኔ በጣም ይበልጥ ነበር። ለትሕትና አይደለም እንዲህ የምለው። እኔ ፈረስ ስስል ሰዎች «አህያ ነው?» ይሉኛል፤ እሱ ሁለት መስመር ይስብና ፈረሱ ይቆማል። የባዮሎጂ ትምህርት ላይ የልብን ምስል ለግማሹ ክፍል የሚስለው እሱ ነበር። ክፍያው ግማሽ ዳቦ፣ ሲበዛ አንድ እስክሪብቶ። መምህሩም፣ ጎረቤቱም፣ ካህኑም «ይሄ ልጅ ተሰጥኦ አለው» ይሉታል። ሁሉም ይለዋል፤ አንድም ሰው ግን የሥዕል ወረቀት አልገዛለትም። እንደተሰጠው ካመንክ ምን ትጨምርለታለህ? አባቱም ደብተሩን ባገኘው ቁጥር «ጨዋታ እንጀራ አይሆንም» ይለው ነበር። አባቱን አልወቅስም፤ እንጀራ የሆነለት ሠዓሊ በዓይኑ አላየም።

ጓደኛዬ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። በሥራው አያፍርም፣ እኔም አላፍርበትም፤ ልጆቹን ያሳድግበታል። የባጃጁን ኋላ ራሱ ነው የጻፈው። ባለፈው ዓመት ስሄድ አየሁት፤ በቁም ነገር እላችኋለሁ፣ በከተማው ካየሁት ጽሑፍ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ታዲያ እኔ እንዴት ዲዛይነር ሆንኩ? ደብረ ማርቆስ ላይ አጎቴ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት ስለነበረው። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። ክረምት ክረምት እሱ ጋ እየሄድኩ ወረቀት አነባብራለሁ፣ ማሽን እጠርጋለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የእኔ ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የምርቃት ካርድ፣ የኀዘን ማስታወቂያ እያልኩ ተማርኩ። አንድ ጊዜ የሙሽራውን የ«ኃይሉ»ን ስም በ«ሀ» ጽፌ መቶ ካርድ አሳተምኩ። አባትየው መጥተው «ልጄን ስሙን ማን ቀየረው?» ብለው ቆጡ። መቶው እንደገና ታተመ፤ የክረምቱ የኪስ ገንዘቤ በሙሉ እዚያ ላይ ሄደ። ስለ ፊደል ጥንቃቄ የማውቀውን ግማሹን ያወቅኩት በዚያች ቀን ነው።

ጓደኛዬ አጎት አልነበረውም። የሚያበላው ተሰጥኦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔ ቦታ የሚቀመጠው እሱ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ተሰጥኦዬን ሲያደንቅልኝ እኔ የሚታየኝ ቃሉ የሚሸፍነው ነገር ነው። ኮምፒውተሩ የማን ነበር? መብራቱ የት ነበር የሚገባው? ሁለት ሦስት ዓመት ገቢ የሌለውን ልጅ ማን ቤት አስቀመጠው? «ተሰጥኦ» እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ ጠቅልሎ ይውጣቸዋል።

ደግሞ የሚገርመው፣ ይህ አስተሳሰብ የጥንቱን የአገራችንን የመጽሐፍ ሥራ አይመስልም። የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ ስንቶቻችን እናውቃለን? የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ማዕቀፍ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል። ከዚያ በልክ ተቆርጦ ይታጠፋል። ጸሐፊው አንዲት ፊደል ከመጻፉ በፊት የገጹን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ቀዳዳን ከቀዳዳ እያገናኘ ቀለም በሌለው ሹል ነገር ያሰምራል። ገጹን በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይከፍላል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከቅጠልና ከተቆላ እህል ተቀምሞ እስኪብላላ ይቆያል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ የመጽሐፉ መክፈቻ ላይ ሐረግ ይሳባል።

አሁን በዲዛይን ትምህርት «ግሪድ» እያልን የምንማረው ያ የወስፌ ቀዳዳ ነው። ዓይን መጀመሪያ የት ይረፍ፣ ቀጥሎ የት ይሂድ የሚለውን ደግሞ ቀዩ ቀለምና ሐረጉ መልሰውታል። ይህን ሁሉ ያደረገው ሰው ዓመታት በመምህር ፊት ተቀምጦ ቁም ጽሕፈት የተማረ ነው። የብርዕን አፍ መቁረጥ ራሱ ትምህርት ነበር። ማንም «ተሰጥኦ አለህና ነገ ዳዊት ጻፍ» አላለውም።

ቅኔን እንኳ ተመልከቱ። ሰው ሁሉ ቅኔ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ይመስለዋል። ጎጃም ግን ዋሸራንና ዲማን የመሰሉ ጉባኤ ቤቶች ያሉት ቅኔ የሚማሩት ነገር ስለሆነ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ይቆጥራል፣ ይቀጽላል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ያፈርሰዋል፣ እንደገና ይቆጥራል፤ ወደ መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ተመስጦውን እንኳ በሥርዓተ ትምህርት ያስቀመጠ አገር ልጆች ሆነን፣ አርማና ፖስተር ሲሆን «ከላይ የወረደለት» እንላለን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ ያለው አገር ሠሪውን ለምን ናቀ? መጽሐፉን እንሳለማለን፤ የማኅደሩን ቆዳ ያለፋውን ሰው «ፋቂ» ብለን እንሰድባለን። በማረሻው አርሰን እንበላለን፤ ማረሻውን የቀጠቀጠውን «ቡዳ» ብለን ልጃችንን እንደብቅበታለን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን ብቻ አይደለም ያነሳው፤ የሚጽፍ ሰው «ጠንቋይ» እየተባለ እንደሚሰደብም ያነሳል። የእኛ የዲዛይነሮቹ ቅድመ አያት እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ ማለት ነው።

እኔ የምለው ይኸውላችሁ፦ «ተሰጥኦ» የዚያ ስድብ ልጅ ነው። ልብሱን ቀይሮ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ሙገሳ ሆኖ መጣ እንጂ ሥራው ያው ነው። ድሮ ቀጥቃጩ ጥሩ ማረሻ ሲያወጣ «ጋኔን ነው የሚሠራለት» ይባል ነበር። ዛሬ እኔ ጥሩ አርማ ሳወጣ «ተሰጥኦው ነው» ይባላል። ሁለቱም ዘንድ ሰውየው አልሠራም። ሁለቱም ዘንድ ሌላ ኃይል ነው የሠራው። ላልሠራ ሰው ደግሞ አይከፈልም።

«አንተ የምታለቅሰው ለኪስህ ነው» የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ ለኪሴም ነው፤ የቤት ኪራይ በሙገሳ አይከፈልም። ግን ዋጋውን የምንከፍለው ሁላችንም ነን። ፊደላችንን እንውሰድ። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የወጣው በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው ሲሆን ግዕዝን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። የሚያሳትመው ቋንቋም «ከለዳዊ» ነው ብሎ ያምን ነበር! ስሙን በትክክል ያላወቀው ሰው ፊደላችንን በእርሳስ ቀርጾ አሳተመው።

ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላስ? ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ይዞት የመጣው የአማርኛ ፎንት «ኒያላ» ይባላል። ስሙ የባሌ ተራራ እንስሳ ነው፤ የሳለው ጆን ሃድሰን ግን የሚሠራው ካናዳ ነው። ሃድሰንን አልወቅስም፣ እንዲያውም አመሰግነዋለሁ። የብራናውን ብርዕ አጥንቶ፣ ተጨንቆበት ነው የሠራው። ብዙዎቻችን ደብዳቤያችንን፣ ማመልከቻችንን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንን በእሱ መስመር ጽፈናል። የሚቆጨኝ የእኛው ባዶነት ነው። የብርዑ ባለቤቶች እዚህ፣ ደብርና ገዳም ውስጥ፣ አንዳንዶቹ ከእኔ የትውልድ ቦታ በእግር በሚደረስበት ርቀት እያረጁ ነው።

አገር ውስጥ ፎንት የደከሙ የሉም አልልም፤ አሉ፣ ደክመዋልም። ግን ምን ያህል እንደሚደክሙ አስቡት። የእንግሊዝኛ ፊደል ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው። የእኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ የመዘገበው የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክት ነበር። አንድ ሰው በቀን ሁለት ሁለቱን እየሳለ ቢያስተካክል ግማሽ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ያውም ለአንድ ውፍረት ብቻ ነው፤ ደማቁን ሲሠራ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል። ይህን የሠራ ሰው ፎንቱን ለመሸጥ ሲሞክር የሚሰማው ምንድን ነው? «በቴሌግራም በነጻ አለ እኮ።»

ትምህርት ሲኖር ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ፣ የአማርኛን ፊደል የሥዕሉ ዋና ሥጋ አድርጎ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ሰው፣ ተምሮበታል። በዚያ ዘመን በድንገት ተሰጥኦ ከሰማይ በብዛት ወርዶ ነው? አይደለም። ክፍል፣ መምህርና ቀለም ተገኘ። ተሰጥኦማ ከዚያ በፊትም በየጭቃው ግድግዳ ላይ በከሰል ተስሎ እየተመረገ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ወደ እኛ ወደ ዲዛይነሮቹ። ይህን ቃል ሰው ላይ ብቻ አላላክከውም። ፕሮፋይላችን ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ተሰጥኦ ያለኝ» ብለን የምንጽፈው እኛው ነን። ለምን? ደስ ስለሚል። ስንት ሌሊት እንደተበላሸብን፣ ስንት ሥራ እንደተመለሰብን ከመናገር «ተፈጥሮዬ ነው» ማለት ያምራል። ከዚያ ደንበኛው ሲያምነን እንናደዳለን።

በዚህ ሽፋን ስንፍናችንንም እንደብቃለን። ቦታ ሲጠበን ፊደሉን ከግራና ከቀኝ ጨምቀን «ጠ» እግሯ እንደ ክር ይቀጥናል። ከድሮ መጽሐፍ ሐረግ በስልክ አንስተን የቢራ ማስታወቂያ ጥግ ላይ እንለጥፋለን፤ ሐረጉ መጽሐፍ ይከፍት ነበር፣ እኛ ምን እየከፈትንበት ነው? አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ረጭተን «ባህላዊ» ብለን እናስረክባለን። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዴም በእርሳስ «ሀ»ን ከላይ እስከ ታች ስለን የማናውቅ ሞልተናል።

አሁን ደግሞ ኤአይ መጣ። ፖስተር በሰከንድ ይሠራል፤ አማርኛ ጻፍ ስትሉት ግን ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል፣ ፊደል ያልሆነ ነገር ያወጣል። እግር የበዛበት «ሐ»፣ የትም ቤት የሌለው ቅጥያ። እንዲህ ያለውን ፖስተር ለጥፈው ያየኋቸው አሉ፤ ማንም አላረመም። እዚህ ላይ ነው «ተሰጥኦ» የሚያጋልጠን። ሥራችን ተሰጥኦ ብቻ ከሆነ ማሽኑም «ተሰጥቶታል»፤ ያውም ከእኛ በፍጥነት፣ በርካሽ። ምን ብለን እንከራከረዋለን? ሥራችን ዕውቀት ከሆነ ግን የ«ሐ» እግር ሦስት እንደሆነ እናውቃለን፣ ለምን ስህተት እንደሆነ እናስረዳለን፣ እናስተካክላለን። ደንበኛው የሚከፍለው ለዚህ ዕውቀት ነው። ነገ ማሽኑ ፊደሉን አስተካክሎ መጻፍ ይማር ይሆናል። ያን ጊዜም ትክክሉ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ከእኛ መሃል ካልተገኘ እንደ ፖትከን ዘመን ሌላው ይወስንልናል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? እኔ የጀመርኩትን ልንገራችሁ። ሥራ ስቀበል ውል እጽፋለሁ። ግማሹን ቀድሜ እቀበላለሁ። ስንት ጊዜ እንደማስተካክል በቁጥር አስቀምጣለሁ። ዋጋዬን ስናገር ሰዓቱን ዘርዝሬ አሳያለሁ፦ ይህን ያህል ለጥናት፣ ይህን ያህል ለእርሳስ ሥራ፣ ይህን ያህል ለፊደሉ። አንዳንዱ ጥሎኝ ይሄዳል። የካፌው ሰውዬ ግን ዝርዝሩን ካየ በኋላ መልሶ ደወለ። አልተስማማንም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ግንበኛው ተከራከረኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ለእናንተ ለጀማሪዎቹ ደግሞ፦ ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት እርሳስ አንሱ። «ሀ»ን መቶ ጊዜ ሳሉ። አቅራቢያችሁ ቁም ጽሕፈት የሚያውቅ አባት ካለ ሄዳችሁ እጁን ተመልከቱ፤ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ አትመለሱ፣ ተቀምጣችሁ ተማሩ። የሰው ፎንት ስትጠቀሙ ግዙ። ግድግዳ ላይ የሚስል ልጅ ስታዩ «ተሰጥኦ አለው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወረቀት ግዙለት። የጓደኛዬ ታናሽ ልጅ መሳል ጀምሯል ሲሉኝ ደብተርና እርሳስ ላክሁ። አባቱ ደውሎ «ምን አስቸገረህ፣ ግድግዳ አለለት» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ባለፈው ፋሲካ ቤት ሄጄ እማ ሞሰብ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስንደዶው አንድ በኩል፣ የተነከረው አክርማ በየቀለሙ ሌላ በኩል፣ ወስፌው እጇ ላይ። ንድፍ የለም፣ ወረቀት የለም፤ ጥለቱ ግን ዙሪያውን ሄዶ ሄዶ መነሻው ላይ ሳይዛነፍ ይገጥማል። ስንት ዓመት ሙሉ እያየሁት አንድም ቀን አልጠየቅኋትም ነበር። «እማ፣ ይሄ ነገር እንዴት ይገጥምልሻል? ተሰጥኦ ነው?» አልኳት።

ቀና ብላም አላየችኝ። «ምን ተሰጥኦ አለው፣ ቆጥሬ ነው እንጂ» አለች። ከዚያ የት እንደደረሰች ስላጠፋኋት ተቆጣችኝና እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች።